በሩ ላይ የቀረው እድፍ፦ «የጨረቃ ድንጋይ» እስከ ዛሬ ለምን ይነበባል?

አንድ በር አስቡ። የአንዲት ወጣት ሴት የግል ሳሎን መግቢያ ነው። ሰሞኑን አዲስ ሥዕል ተስሎበታል፤ አበባ፣ ወፍ፣ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት። ከቁልፉ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ግን አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቋል። የሆነ ነገር ታክኮት ያለፈ ይመስላል። በዚያው ሌሊት ከክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ቢጫ አልማዝ ጠፍቷል።

የአካባቢው የፖሊስ አዛዥ እድፉን አይቶታል። «የሠራተኞቹ ቀሚስ ነው ያበላሸው፤ ተራ ነገር ነው» ብሎ አለፈው። ከለንደን የመጣው መርማሪ ግን እዚያው ቆመ። ሸምገል ያለ፣ ከሲታ፣ ፊቱ እንደ መጥረቢያ የሾለ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ተራ ነገር የሚባል ገጥሞት እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

ቀለሙ መቼ ተቀባ? ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ። ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? 12 ሰዓት። እንግዲያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደርቋል ማለት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በሩን ያየው ሰው አለ? አለ፤ አንዲት ሠራተኛ እመቤቷን ደህና እደሪ ስትል አይታዋለች፤ ያኔ ንጹህ ነበር። ሠራተኞቹ በዚህ በር ተጋፍተው የወጡት መቼ ነው? ሐሙስ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ። ያኔማ ቀለሙ ከደረቀ 8 ሰዓት ሆኖታል። የደረቀ ቀለም በቀሚስ አይፋቅም። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ሰው በዚህ በር አልፏል። ልብሱም ቀለም ነክቶታል። ያን ልብስ ፈልጉ።

ይህ ትዕይንት የተወሰደው «ዘ ሙንስቶን» ከተባለው የእንግሊዝ ልብ ወለድ ነው። እኔ «የጨረቃ ድንጋይ» እለዋለሁ። የጻፈው ዊልኪ ኮሊንስ ነው፤ የታተመው በ1868 ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ እንዲህ ያለው ምርመራ ብርቅ አይደለም። በፊልምም በተከታታይ ድራማም እስኪበቃን አይተነዋል። ያኔ ግን አንባቢ መርማሪውን ተከትሎ፣ ሰዓት እየቆጠረ፣ ልብስ እየፈለገ ሦስት ቅጽ የሚያነብበት መጽሐፍ አዲስ ነገር ነበር። ገጣሚው ቲ ኤስ ኤሊየት ከዘመናዊ የእንግሊዝ የመርማሪ ልብ ወለዶች ሁሉ የመጀመሪያው፣ ረጅሙና ምርጡ ይህ ነው ብሏል። «የመጀመሪያው» የሚለው ያከራክራል። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ መርማሪ ገጸ ባሕርይ ያለበት አጭር ታሪክ በ1841 አሳትሟል። «ምርጡ» በሚለው ግን ከኤሊየት ጋር ጠብ የለኝም። ሼርሎክ ሆልምስ ከመጣ በኋላ የተጻፉትን ጨምሬ ነው የምለው።

ነገሩን ላስረዳ። የታሪኩን አብዛኛውን፣ መዝጊያውንም ጭምር ልገልጥ ነው፤ ያለዚያ ማብራራት አይቻልም። አልማዙ ከዚያ ሌሊት በኋላ በማን እጅ ገባ የሚለውን ግን አልነግራችሁም።

ሁለት ፔኒ በሳምንት

ታሪኩ መጀመሪያ የወጣው በመጽሐፍ አይደለም። «ኦል ዘ ይር ራውንድ» በሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው፤ ከጃንዋሪ 4 እስከ ኦገስት 8 ቀን 1868 በ32 ክፍል። የመጽሔቱ ባለቤትና አዘጋጅ ቻርልስ ዲከንስ ነበር፤ የኮሊንስ የቅርብ ወዳጅ። ዋጋው ሁለት ፔኒ ነው። ባለ ሦስት ቅጹ መጽሐፍ ግን ከአንድ ፓውንድ ተኩል በላይ ያወጣ ነበር። ተራ ሠራተኛ መጽሐፉን በሕልሙም አይገዛም። ሁለት ፔኒ ግን ከኪሱ አያጣም።

የመጽሐፉ አሳታሚ ዊልያም ቲንስሊ በኋላ ትዝታውን ጽፏል። አዲሱ ክፍል በሚወጣበት ቀን ከመጽሔቱ ቢሮ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር ይላል። ተሸካሚዎቹና ተላላኪ ልጆቹ ሳይቀሩ ጥግ ይዘው በስርቆሽ ያነቡ ነበር። አልማዙ የት ይገኛል በሚል ውርርድ የያዙም ነበሩ።

ይህን የአጻጻፍ ሁኔታ ካላወቅን የታሪኩን አካሄድ አንረዳውም። ጸሐፊው ለ32 ሳምንት አንባቢውን ማስጠበቅ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ አንድ ነገር ይገለጣል፤ ሌላ ነገር ደግሞ ይቆለፋል። ዛሬ ተከታታይ ድራማ ልክ ሊገለጥ ሲል ቆርጦ «ይቀጥላል» ሲለን የምንበሽቀው ብሽቀት የመጣው ከዚህ ዘመን ነው።

ኮሊንስ ይህን ሲጽፍ ታሞ ነበር። ሪህ አልጋ ላይ ጥሎታል። እናቱ በዚያው መጋቢት ሞተችበት። ሳምንታዊው ክፍል ግን መቋረጥ አይችልም፤ ስለዚህ አንዳንዱን ክፍል ከአልጋው ሆኖ እየተናገረ አስጽፏል። ለሕመሙ ማስታገሻ ላውዳነም ይወስድ ነበር፤ ኦፒየም በአልኮል የተበጠበጠበት መድኃኒት ነው። ይህን ላውዳነም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መርማሪ ቤት ሲገባ

የለንደን ፖሊስ የተቋቋመው በ1829 ነው። በ1842 ስምንት ሰዎች ብቻ ያሉት የመርማሪዎች ክፍል ተከፈተ። እነዚህ ሰዎች ዩኒፎርም አይለብሱም፤ ሕዝቡ መሃል ገብተው ወንጀለኛ ያድናሉ። አድናቆትም ፍርሃትም አተረፉ።

ከስምንቱ አንዱ ጆናታን ዊቸር ነው። በ1860 ሮድ ሂል ሃውስ ወደሚባል ቤት ተላከ። አራት ዓመት ያልሞላው ሳቪል ኬንት የተባለ ሕፃን ሌሊት ከአልጋው ተወስዶ፣ አንገቱ ተቆርጦ፣ ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ተገኝቷል። ቤቱ ሌሊቱን ተዘግቶ ነው ያደረው። ገዳዩ ከውስጥ ነው ማለት ነው። ዊቸር የእጥበት መዝገቡን አገላበጠ። የልጁ ግማሽ እህት ኮንስታንስ፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ አንድ የሌሊት ልብስ ጎድሏታል። ደም የነካው ልብስ ተደብቋል ብሎ ጠረጠረ። አሳሰራት።

ሕዝቡ በእሱ ላይ ተነሣ። አንድ ከተራ ቤተሰብ የወጣ ፖሊስ የጨዋ ቤት ልጅን የውስጥ ልብስ እየቆጠረ ወንጀለኛ ይላታል? ጋዜጦች አብጠለጠሉት። ልጅቷ ተለቀቀች። የዊቸር ስም ጠፋ፤ ሥራውንም ተወ። በ1865 ኮንስታንስ ራሷ «እኔ ነኝ» ብላ ተናዘዘች።

ኮሊንስ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ወሰደ። አንደኛው የጎደለው የሌሊት ልብስ ነው። ደሙን በቀለም ተካው፤ ግድያውን በስርቆት። ሁለተኛው ግን የባሰ ጥልቅ ነው። መርማሪ ቤት ሲገባ ቤተሰቡ ይፈርሳል የሚለው ስሜት ነው። እንግሊዛዊው ባለጸጋ ቤቱን እንደ ምሽግ ነበር የሚያየው። አሁን አንድ እንግዳ ሰው ገብቶ ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ የማን ሸሚዝ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። አገራችን ውስጥ አውጫጭኝ የሚባለውን ልማድ የሰማ ሰው ስሜቱ ይገባዋል። አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ንጹሑም አብሮ ይጨነቃል፤ የጎረቤቱን ፊት እያነበበ ይውላል።

በልብ ወለዱ መርማሪው ሳጅን ካፍ ይባላል። ጽጌረዳ ይወዳል፤ ከአትክልተኛው ጋር ስለ ጽጌረዳ አተካከል ይከራከራል። ሲያሰላስል ስለ መጨረሻዋ ጽጌረዳ የተዘፈነ የድሮ ዜማ ያፏጫል። የሁሉም ልብስ ሣጥን ይፈተሽ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም ፈቀደ። አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ። አልማዙ የጠፋባት ሬቸል ቬሪንደር ራሷ! ካፍ ከዚህ ተነሥቶ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ፦ ሬቸል ድብቅ ዕዳ አለባት፤ የገዛ አልማዟን ሰርቃለች።

ተሳስቷል።

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በእንግሊዝ ልብ ወለድ ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ መርማሪዎች አንዱ ምልክቱን ሁሉ በትክክል አንብቦ፣ አስቦ፣ አሰላስሎ ስቷል። የሬቸልን ዝምታ እንደ ጥፋት ቆጠረው። ዝምታው ግን የሌላ ነገር ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙ መርማሪዎች የማይሳሳቱ ጠንቋዮች ይመስላሉ። ካፍ ሰው ነው። ተሳስቶ ይሄዳል፤ ጡረታ ወጥቶ ጽጌረዳ ይተክላል፤ በመጨረሻ ተመልሶ መጥቶ ስሕተቱን ያምናል። እኔ በዚህ ምክንያት ይበልጥ አምነዋለሁ።

እያንዳንዱ ያየውን ብቻ

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት። ታሪኩን የሚነግረን አንድ ሰው አይደለም። አሥር ያህል ሰዎች ተራ በተራ ይጽፋሉ፤ ሁሉም እንደ ምስክር ናቸው። ሕጉ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ራሱ ያየውንና ያኔ የሚያውቀውን ብቻ ይጽፋል። በኋላ የሰማውን አይጨምርም።

መጀመሪያ የሚጽፈው ጌብሪኤል ቤተሬጅ ነው፤ የቤቱ አዛዥ፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሎሌ። ፒፓውን ያጨሳል። ችግር ሲገጥመው «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ገልጦ እንደ መጽሐፈ ጥበብ ምክር ይፈልግበታል። ወሬ ያበዛል። መጀመሪያ ሳነበው አሰልቺ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስመለስበት ግን ፍንጮቹን ሁሉ በወሬው መሃል በትኗቸው አገኘሁ። ፍራንክሊን ብሌክ የተባለው ወጣት ትንባሆ ማጨስ ተወ። እንቅልፍ አጣ። በሬቸል የልደት ራት ላይ ከሐኪሙ ጋር ስለ ሕክምና ተከራከረ። ዝናብ ዘነበ። ሁሉም ተራ ወሬ ይመስላል። ሁሉም ግን ማስረጃ ነው።

ከእሱ በኋላ ሚስ ክላክ ትመጣለች። የሃይማኖት በራሪ ጽሑፎች ይዛ ትዞራለች፤ ሰው ቤት ስትገባ በሶፋው ትራስ ሥር፣ በአበባው ማሰሮ መሃል ትደብቃቸዋለች። ሁሉን ሰው ትኮንናለች፤ አንድን ሰው ግን እንደ ቅዱስ ታየዋለች። አንባቢ እሷ ከምትለው ተቃራኒውን ማንበብ ይማራል። ከዚያ ጠበቃው፣ ከዚያ ፍራንክሊን፣ ከዚያ ሌሎች።

ይህ አጻጻፍ አንባቢውን ዳኛ ያደርገዋል። ምስክሩ አይዋሽም፤ ግን ሙሉ እውነት የለውም። በሎሌው ዓይን ፍራንክሊን የሚወደድ ልጅ ነው፤ በሚስ ክላክ ዓይን የጠፋ ነፍስ። ማንን እንመን? አንድ ሰው ስለ ሌላው ሲመሰክር ስለ ራሱ ይበልጥ እንደሚናገር በዚህ መጽሐፍ ያህል ያሳየኝ የለም።

ከምስክሮቹ ሁሉ የምታሳዝነው ሮዛና ስፒርማን ናት። የቤት ሠራተኛ ናት። ቀድሞ ሌባ ነበረች፤ ታስራለች፤ አንድ ትከሻዋ ተጣምሟል፤ መልክ የላትም። ፍራንክሊንን ወደደችው። እሱ ግን መኖሯንም ልብ አላለም። በባሕሩ ዳር የሚያሰምጥ አሸዋ አለ፤ ማዕበሉ ሲዞር ይንቀጠቀጣል። ሮዛና እዚያ ገብታ ራሷን አጠፋች። የሞተች ቀን ሁሉም ጥፋተኛ ነበረች ብሎ አሰበ።

ደብዳቤዋ ፍራንክሊን እጅ የገባው ከወራት በኋላ ነው። የተጻፈውን ምልክት ተከትሎ ወደ አሸዋው ሄደ። ድንጋዩ ላይ ተንጋሎ ተኛ፤ ዱላውን ሰድዶ ቆፈረ። ሰንሰለት አገኘ። ሲስበው የቆርቆሮ ሣጥን ወጣ። ከፈተው። ውስጡ የሌሊት ልብስ አለ፤ ልብሱ ላይ የዚያ በር ቀለም። ወንጀለኛው ተገኘ ማለት ነው! ባለቤቱን ለማወቅ የልብሱን ምልክት ፈለገ። የተጻፈውን ስም አነበበ።

የራሱ ስም ነበር።

ሌባውን ለማግኘት ከሁሉም በላይ የደከመው ሰው ሌባው ራሱ ሆኖ አገኘው። ሮዛና ልብሱን የደበቀችው እሱን ለማዳን ነው። ሬቸልም ዝም ያለችው በዓይኗ ስላየችው ነው፤ የምትወደው ሰው አልማዟን ሲወስድ አይታ አፏን ዘጋች። ካፍ «ጥፋት ነው» ያለው ዝምታ ፍቅር ነበር። ፍራንክሊን ግን አላስታወሰም። ከሌሊቱ ምንም የሚያስታውሰው ነገር የለም።

መድኃኒቱ

አሁን ላውዳነሙን አምጡት።

ቋጠሮውን የሚፈታው ኤዝራ ጄኒንግስ ነው፤ የሐኪሙ ረዳት። የተወለደው ከቅኝ ግዛት አንዷ ውስጥ ነው፤ እናቱ እንግሊዛዊት አይደለችም፤ ፀጉሩ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ ነው። አካባቢው ሰው ይጠላዋል። በማይድን በሽታ ይሠቃያል፤ ለሕመሙ ኦፒየም ይወስዳል። ኮሊንስ ይህን ሰው የጻፈው ከራሱ አልጋ ሆኖ መሆኑን ስናስብ ቃላቱ ይከብዳሉ።

ሐኪሙ ከልደቱ ራት ሲመለስ ዝናብ መታው፤ በትኩሳት ወደቀ፤ ቃዠ። ጄኒንግስ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የሚወጣውን ቁርጥራጭ ቃል ጻፈው። ከዚያ በቃላቱ መሃል የሚጎድለውን እያሰበ ሞላ። ተሰባብሮ የተበተነ ሸክላ እንደ መግጠም ነው። ሲያነበው ትርጉም ሰጠ። ሐኪሙ በክርክሩ ተናድዶ፣ መድኃኒት እንደሚሠራ ሊያሳየው፣ ለፍራንክሊን በስውር ላውዳነም ሰጥቶታል። ፍራንክሊን በኦፒየሙ ስካር ተነሥቶ፣ ስለ አልማዙ ይጨነቅ ስለነበር፣ ደህና ቦታ ላስቀምጠው ብሎ ወስዶታል።

እንዴት ይረጋገጥ? ጄኒንግስ ከሕክምና መጽሐፍ አንድ ታሪክ ጠቀሰ። አንድ አየርላንዳዊ ተሸካሚ ሰክሮ ዕቃ ያደርሳል፤ ሲነቃ የት እንዳደረሰው ጠፋበት። እንደገና ሲሰክር ትዝ አለው። እንግዲያው ሌሊቱን እንድገመው ተባለ። ቤቱ ልክ እንደ ዓምናው ተሰናዳ። ፍራንክሊን ትንባሆውን ተወ፤ እንቅልፍ አጣ። የሐሰት አልማዝ ሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። ምስክሮች ተደብቀው ቆሙ። ላውዳነሙን ጠጣ። ሁሉም ጠበቀ። ተነሣ። ሄደ። ወሰደው። ከዚያ መሃል ላይ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም ሶፋ ላይ ተኛ። እውነተኛው አልማዝ ከዚያ በኋላ የት ገባ? ይህን ኦፒየሙም አልመለሰውም።

ይህን ስታነቡ ሌባ ሻይ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። እኔ በመጀመሪያ ንባቤ ያሰብኩት እሱን ነው። በአገራችን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሌባ ለመፈለግ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣ ነበር። ወገቡ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሰው ይከተለዋል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ይከፍላል። በኮሊንስ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይም የዚያ ዘመድ አለ። አልማዙን የሚከታተሉት ሕንዳውያን በአንድ ልጅ መዳፍ ላይ ቀለም አፍስሰው «ምን ይታይሃል?» ይሉታል።

ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። በሌባ ሻይ የሰከረው ልጅ ይፈርዳል፤ ተከሳሹ መልስ የለውም። በልብ ወለዱ የሚጠጣው ተጠርጣሪው ራሱ ነው፤ በፈቃዱ፤ ንጹሕነቱን ለማሳየት። የሆነው ሁሉ ይጻፋል፤ ያዩት ይፈርማሉ። ውጤቱም ፍርድ አይደለም። «ሊሆን ይችላል» ብቻ ነው የሚለው። ከራእይ ወደ ማስረጃ የሚወስደው መንገድ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል።

ደግሞ አስታውሱ፣ ያኔ በእንግሊዝ ኦፒየም እንደ ዛሬው ፓናዶል ከሱቅ ይገዛ ነበር። ለሳልም ለጥርስም ለሚያለቅስ ሕፃንም ይሰጣል። ሽያጩን ለተመዘገቡ መድኃኒት ሻጮች የገደበው ሕግ የወጣው በዚያው በ1868 ነው። አንባቢዎቹ ይህን ጠርሙስ ከየቤታቸው መደርደሪያ ላይ ያውቁታል። ወንጀለኛው ሩቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስርቆት

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አንድ ሌሊት ስርቆት ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው ግን በዚያ አይደለም። 49 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሜይ 4 ቀን 1799 የእንግሊዝ ጦር በደቡብ ሕንድ ስሪንጋፓታም የተባለውን ከተማ ሰብሮ ገባ። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ገዢው ቲፑ ሱልጣን የሞተው በዚያ ቀን ነው። በልብ ወለዱ ጄኔራሉ የሚዘርፍ ሰው ማዕረጉ ምንም ይሁን ይሰቀላል ብሎ አዝዟል። ጆን ሄርንካስል የተባለ መኮንን ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኘ። በአንድ እጁ ችቦ፣ በሌላው ደም የሚያንጠባጥብ ጩቤ ይዟል። በጩቤው እጀታ ጫፍ ላይ ቢጫው አልማዝ ያበራል። ሦስት ጠባቂዎች ወድቀዋል። አልማዙ የሶምናት ቤተ መቅደስ የጨረቃ አምላክ ንብረት ነበር። ሄርንካስል ሲሞት ለእህቱ ልጅ አወረሰው። ሬቸል 18 ዓመት ሲሞላት በስጦታ የደረሳት ይህ ነው።

ስለዚህ ለግማሽ ሺህ ገጽ ያህል «የሬቸልን አልማዝ ማን ሰረቀ?» ስንል እንቆያለን። «ሬቸል ጋ እንዴት መጣ?» የሚለውን የቤቱ ሰዎች አይጠይቁም። ሦስቱን ሕንዳውያን ፖሊስ ያስራቸዋል፤ ባዕድ ስለሆኑ ብቻ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። በእውነቱ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው።

ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በ1857 ሕንዳውያን ወታደሮች በእንግሊዝ ላይ ካመፁ በኋላ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሁሉ በቀል በቀል ይል ነበር። የኮሊንስ ወዳጅ ዲከንስም ከተቆጡት አንዱ ነው። ኮሊንስ ግን በ1858 የሕንዳውያንን የራሳቸውን የደግነት ታሪክ የሚያነሣ ለዘብ ያለ ጽሑፍ አሳተመ። ለልብ ወለዱ መቅድም ሲጽፍም ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ተናግሯል፤ ከሩሲያው ንጉሣዊ በትር ላይ ካለው አልማዝና ከኮሂኑር። ኮሂኑር በ1849 የፑንጃብ መንግሥት ሲወድቅ ከአሥር ዓመቱ ልጅ ንጉሥ ተወስዶ በ1850 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተሰጠ ድንጋይ ነው።

እኛ ይህን ስናነብ ሌላ ነገርም እናያለን። እነዚያ 32 ሳምንታት በሌላ በኩል ምን ይሆንባቸው ነበር? ታሪኩ በመጽሔቱ ሲወጣ የናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን 1868፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። አምባው ተዘረፈ። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱ፣ ብራናው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ወረደ። በሳምንቱ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ወጣ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር፤ «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕልም ለራሱ አስቀረው። ልብ ወለዱ ስለ መቅደላ አንድ ቃል የለውም፤ ታሪኩ የተቀመጠው በ1848 ነው። ግን ያ የለንደን አንባቢ በሁለት ፔኒ የገዛውን መጽሔት ዘርግቶ ከቤተ መቅደስ ስለተዘረፈ አልማዝ ሲያነብ፣ ጋዜጣው ደግሞ የመቅደላን ድል እያወራለት ነበር። ሁለቱን አያይዞ ያየ ስንት ሰው ይሆን? እኔ ይህን መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር ይህን እጠይቃለሁ።

መጽሐፉ የሚያበቃው በእንግሊዝ ቤት ውስጥ አይደለም። የመጨረሻውን ምስክርነት የሚሰጠው መርትዌይት የተባለ መንገደኛ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ በሶምናት አቅራቢያ፣ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ኮረብታ ላይ ቆሟል። ቁልቁል የሚታየው የሰው ባሕር ነው። ሦስት ሰዎች ጫፉ ላይ ወጡ። ከካህናት ወገን ናቸው፤ ድንጋዩን ለመመለስ ባሕር ተሻግረዋል፤ በዚህም ወገናቸውን አጥተዋል። ንስሐቸው ለየብቻ በሦስት አቅጣጫ እስከ ሞት መንከራተት ነው፤ ዳግም አይተያዩም። ተቃቀፉ። ተለያዩ። ሕዝቡ ዝም ብሎ በሦስት በኩል መንገድ ከፈተላቸው፤ ካለፉ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። ከጣዖቱ ግንባር ላይ ቢጫው ድንጋይ ቁልቁል ያበራ ነበር።